መናፍስቱን ማን ገደላቸው?

«ይኼ ደግሞ ምናችሁ ነው?»

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ በመጀመሪያ የተወረወረብን ጥያቄ ይኸው ነበር። ባሕር ማዶ ያለ የመዝናኛ ሥፍራ፣ በውስጡ የተሠራ አንድ የመናፍስት ቤት፣ ቤቱ ታደሰ አልታደሰ፣ በአንድ ዶርም ተፋፍገን ለምናድር ተማሪዎች ምናችን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። አንሸሸውም። መልሱን ግን ወደ መጨረሻው ገጽ እናቆየዋለን፤ ምክንያቱም መልሱ እኛኑ የሚያሳፍር ስለሆነ ነው።

ነገሩ የተነሣው መብራት በጠፋበት ማታ ነው። ለፈተና ልናነብ የተሰበሰብን ሰባት ልጆች ደብተራችንን አጥፈን ቁጭ ብለናል። ቻርጅ የቀረው የአንዱ ልጅ ስልክ ብቻ ነው። እሱም «አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብሎ፣ በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ውስጥ ያለውን ሆንትድ ማንሽን የተባለ የመናፍስት ቤት፣ አንድ ጎብኚ በጋሪው ተቀምጦ ከመግቢያ እስከ መውጫ የቀረጸውን ፊልም ከፈተልን። ሰባት ራስ መዳፍ በምታህል ብርሃን ላይ ተደፋ። ትንፍሽ ያለ የለም። ከመካከላችን ተረበኛው እንኳ አፉን ይዟል። የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ከውስጥ ሲገፋ የሚታይበት ቦታ ላይ ስንደርስ መብራት መጣ። ኮሪደሩ እንደ ልማዱ በጩኸት ተናጋ። ፊልሙን በመብራት ቀጠልን፤ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። «ኧረ ይኼማ አሻንጉሊት ነው!» አለ ተረበኛው፣ ሁላችንም ሳቅን።

ክርክሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የምህንድስና ተማሪ የሆነው ወንድማችን «አያችሁ! አርጅቷል» አለ። «ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በመስተዋትና በአሻንጉሊት የተሠራ ነገር ነው። የዛሬ ልጅ ስክሪን ላይ ነው ያደገው። ወይ አፍርሰው በስክሪን ይሥሩት፣ አለበለዚያ ለተሳፋሪው ሽጉጥ ይስጡትና መናፍስቱን እየተኮሰ ይለፍ።» የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆነው ሌላው ወንድማችን ደግሞ ከአልጋው ላይ ዘሎ ተነሥቶ «አንዲት ሚስማር አትነካም! ቅርስ ነው! የሠሩት ሰዎች እንደ ተዉት ይቀመጥ!» አለ። ክርክሩ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ከዚያም እስከ ሳምንት ዘለቀ። እኛ የምንለው ሁለቱም ተሳስተዋል ነው። የተሳሳቱትም ቤቱ በምን እንደሚሠራ ሳይመረምሩ ስለ እድሳቱ በመፍረዳቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩

ለመሆኑ ይህ ቤት ምንድን ነው?

ዘሩ ከቴአትር ነው። የእንግሊዙ ጸሐፌ ተውኔት አርኖልድ ሪድሊ በ1925 ዘ ጎስት ትሬይን፣ የመናፍስት ባቡር እንደ ማለት፣ የሚል ተውኔት አሳየ። በብላክፑል ከተማ ያለ የመዝናኛ ሥፍራ በ1930 በጨለማ ቤት ውስጥ በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ትንንሽ ጋሪዎች ሠራና የዚያን ተውኔት ስም ሰጣቸው። ስሙ በእንግሊዝ አገር ከዚያ ወዲህ ለመሰሎቹ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች «ይኼ የሕፃናት ጨዋታ ነው» ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ፤ ዘመዳችሁ ነው።

የካሊፎርኒያው ቤት ከሁሉ የታወቀው ነው። ውጪው በ1963 ተሠርቶ አለቀ፤ ውስጡ ግን ባዶ ሆኖ ስድስት ዓመት ቆየ። በዚህ መካከል ባለቤቱ ዋልት ዲዝኒ በ1966 ሞተ። ሠራተኞቹ ደግሞ ለሁለት ተከፈሉ። ክሎድ ኮትስ የተባለው ሠዓሊ ቤቱ ማስፈራት አለበት አለ። ማርክ ዴቪስ የተባለው ሠዓሊ ደግሞ የለም ማሳቅ አለበት አለ። በመጨረሻ ኤክስ አቴንሲዮ ጽሑፉን ጻፈና ሁለቱን አስታረቃቸው፤ የመጀመሪያው ግማሽ የኮትስ ጨለማ፣ ሁለተኛው ግማሽ የዴቪስ ሳቅ ሆነ። ቤቱም በነሐሴ 9 ቀን 1969 ተከፈተ። 999 መናፍስት ይኖሩበታል፣ ለአንድ ተጨማሪ ቦታ አለ ይላል አስተናጋጁ ድምፅ። ያ አንድ ማን እንደሆነ መገመት የተሳፋሪው ፋንታ ነው።

አሁን ስለ አሠራሩ። ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ጋሪ ጀርባውና ጎኑ እንደ ቅርፊት የተከለለ ጥቁር መቀመጫ ነው። ጋሪዎቹ በሰንሰለት እንደ ተያያዙ ሳይቆሙ ይሄዳሉ። ዋናው ነገር ግን መሄዳቸው አይደለም፤ መዞራቸው ነው። ጋሪው ተሳፋሪውን ይዞ ወደ ግራ ያዞረዋል፣ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ማለትም ዓይንህ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ሠሪው ነው። ምን እንደምታይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማታይም ጭምር። ይህ የጥሩ ዐረፍተ ነገር ሥራ አይደለምን?

በመጀመሪያ መስኮትም በርም የሌለው ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ያስገቡሃል። ግድግዳው ቀስ እያለ ይረዝማል፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎችም አብረው ይረዝሙና መጀመሪያ ያላየኸውን ታችኛውን ክፍላቸውን ያሳዩሃል። ይህ የመጣው ከጥበብ ብቻ አይደለም፣ ከችግር ነው። መናፍስቱ ያሉበት ትልቁ አዳራሽ የሚገኘው መናፈሻውን ከሚዞረው የባቡር ሐዲድ ውጪ ነው። ሰው ከሐዲዱ ሥር አልፎ መሄድ ነበረበት። ስለዚህ የክፍሉ ወለል አሳንሰር ነው፤ አንተ ግድግዳው ያደገ ይመስልሃል እንጂ የምትወርደው አንተ ነህ። በፍሎሪዳ በ1971 የተከፈተው ወንድሙ እንዲህ ያለ ችግር ስላልነበረበት እዚያ ወለሉ ባለበት ቆሞ ጣሪያው ወደ ላይ ይወጣል። ችግርን እንዲህ ወደ ጥበብ የለወጠ ደራሲ ስንቱ ነው?

ከዚያ ወዲያ ከግድግዳ የሚያፈጥጡብህ የድንጋይ ፊቶች አሉ። ባለፍህ ቁጥር ራሳቸውን እያዞሩ ይከተሉሃል። ሞተር የላቸውም። ፊታቸው ወደ ውጪ የወጣ ሳይሆን እንደ ሻጋታ ወደ ውስጥ የተጎደጎደ ነው፤ በዚያ ብርሃን ዓይንህ ራሱ ይገለብጠዋል። መንፈሱን የሠራኸው አንተ ነህ ማለት ነው። በትልቁ አዳራሽ የሚጨፍሩት፣ አካላቸው ብርሃን የሚያሳልፈው ሙታን ደግሞ በለንደን በ1862 ጆን ሄንሪ ፔፐር በመድረክ ላይ ባሳየው ዘዴ የተሠሩ ናቸው። በተሳፋሪውና በአዳራሹ መካከል ግዙፍ መስተዋት ቆሟል፤ አሻንጉሊቶቹ ተሳፋሪው በማያያቸው ቦታ ተደብቀው ይበራባቸዋል፤ የምታየው ነጸብራቃቸውን ነው። መብራቱ ሲበራ ይታያሉ፣ ሲጠፋ የሉም። ወንድማችን «መስተዋትና አሻንጉሊት» ብሎ የናቀው ይህንን ነው። እኛ ግን እንጠይቀዋለን፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ዘዴ ዛሬም የሚያስደነግጥ ከሆነ ያረጀው ማነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ከመግቢያው እስከ ሟርተኛዋ ክፍል ድረስ አንድም ሙሉ መንፈስ አታይም። በር ይተነፍሳል። መቅረዝ ማንም ሳይዘው ይንሳፈፋል። የሬሳ ሣጥን ክዳን ይገፋል። ሰዓት አሥራ ሦስት ይመታል። ሁሉም ሊመጣ ነው፣ ሊመጣ ነው ይላል፤ አይመጣም። ራሷ በብርጭቆ ሉል ውስጥ የሚናገረው ሟርተኛ ስትጠራቸው ብቻ ይመጣሉ። እንግዲህ የቤቱ ጌጥ 999ኙ መናፍስት አይደሉም። የቤቱ ጌጥ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ያለው ጥበቃ ነው። ይህን ቁም ነገር አንባብያን ይያዙልን፤ ክሳችን ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

፪

በመጀመሪያ «አንዲት ሚስማር አትነካም» ከሚለው ወንድማችን ጋር እንነጋገር።

ወንድማችን፣ ቅርስ ወዳድነትህን እናከብራለን። ግን ሚስማሩ ሰው ሲገድልስ?

በሰኔ 9 ቀን 1979 በአውስትራሊያ ሲድኒ ሉና ፓርክ ያለው የመናፍስት ባቡር ተቃጠለ። ሰባት ሰው ሞተ፤ አንድ አባት ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር፣ እንዲሁም አራት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች። በግንቦት 11 ቀን 1984 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር የተባለው መናፈሻ ውስጥ በእግር የሚታለፍ የመናፍስት ግንብ ተቃጠለ። ስምንት ወጣቶች ሞቱ። ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ቦታ ጨለማው፣ ጠባቡ መተላለፊያ፣ መውጫው የማይታወቀው ግድግዳ የጨዋታው ጌጥ ነበር። እሳት ሲነሣ ግን ያው ጌጥ መቃብር ሆነ። ለደስታ ከፍሎ የገባ ልጅ በሐሰት እየፈራ ሳለ በእውነት ሞተ።

እንግዲህ ጨለማው ለመናፍስቱ ነው እንጂ ለመውጫ በሩ አይደለም። ሽቦው ይለወጥ። እሳት የማይበላው ጨርቅ ይሰቀል። ውኃ የሚረጨው ይተከል። ድንገት ሲያስፈልግ ቤቱን ሁሉ የሚያበራ መብራት ይዘጋጅ። በዚህ ላይ የሚከራከረን ሰው ከቅርስ ወዳጅ አንቆጥረውም። የሙታን ቤት ሙታን ማፍሪያ እንዲሆን የሚፈቅድ ፍቅር ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ደግሞም «የሠሩት ሰዎች እንደ ተዉት» ትላለህ። የሠሩት ሰዎች እኮ አልጨረሱትም! በ1969 ቤቱ ሲከፈት በጣሪያ ሥር ባለው ክፍል የቆመ አንድ ሽማግሌ መንፈስ ነበረ። በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው እጁ የባርኔጣ መያዣ ሣጥን ይዟል። ራሱ ከአንገቱ ላይ ጠፍቶ ሣጥኑ ውስጥ እንዲታይ ታስቦ ነበር። አልሆነም። ተሳፋሪው በጣም ይቀርበዋል፤ የአካባቢው ብርሃንም ራሱን አልሰወረለትም። ቤቱ በተከፈተ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አነሡት። ከአርባ ዓመት በላይ በወሬና በፎቶግራፍ ብቻ ኖረ። በ2015 በአዲስ ዘዴ ተሠርቶ ወደ ካሊፎርኒያው ቤት፣ ወደዚያው ወደ ጣሪያ ሥር ክፍሉ ተመለሰ፤ ራሱም በእርግጥ ጠፍቶ ሣጥኑ ውስጥ ተገኘ። እነሆ ትክክለኛ እድሳት! አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ሐሳብ አልሻረም፣ ፈጸመው እንጂ። አያት ጀምሮት የሞተውን ቤት የልጅ ልጅ ክዳን አለበሰው። ይህን «ኃጢአት ነው» የምትል ከሆነ፣ ወንድማችን፣ የምትወደው ቤቱን አይደለም፤ አቧራውን ነው።

፫

አሁን ደግሞ ወደ ሽጉጡ።

የምህንድስናው ወንድማችን የተመኘው ነገር ተሞክሯል። በእንግሊዝ አገር በአልተን ታወርስ መናፈሻ በ1992 የተከፈተ ትልቅ የመናፍስት ቤት ነበረ። በ2003 «ይታደስ» ተባለ። ስሙ ዱኤል፣ ማለትም ፍልሚያ ሆነ። በየጋሪው የሌዘር ሽጉጥ ተተከለ፤ በየጥጉ የሚተኮስበት ዒላማ ተሰካ፤ ነጥብ የሚቆጥር ሰሌዳ መጣ።

ምን የጎደለ ይመስላችኋል? ሁሉ ነገር ተጨመረ እንጂ ምንም አልተቀነሰም። እኛ ግን ዋናው ነገር ተወሰደ እንላለን። ሽጉጥ የያዘ ሰው ጨለማውን አያይም፤ ዒላማውን ነው የሚያየው። ዒላማ ደግሞ ብልጭ ማለት አለበት፣ አለዚያ ማን ይመታዋል? ስለዚህ ጨለማው በየቦታው ተበሳ። ተሳፋሪው ቀድሞ የሚታደን ነበረ፤ አሁን አዳኝ ሆነ። መንፈሱም ቀድሞ የማይታወቅ ነበረ፤ አሁን ይህን ያህል ነጥብ የሚያወጣ ቆርቆሮ ሆነ። ከጎንህ የተቀመጠችው እህትህ ፈርታ ክንድህን ትይዝ ነበር፤ አሁን «ስንት አገኘህ?» ትልሃለች። መንፈስ በጥይት አይሞትም ይባላል። በነጥብ ቆጠራ ግን ይሞታል።

ወንድማችን «ተሳትፎ ነው» ይለናል። ተመልካች ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይሳተፍ፣ እጁን ያንቀሳቅስ፣ ይህ የዘመኑ መንፈስ ነው ይላል። ኧረ ወንድማችን! መፍራት ተሳትፎ አይደለምን? የተጎደጎደውን ፊት ገልብጦ ወደ ራሱ ያዞረው የማን ዓይን ነበረ? ከበሩ ጀርባ ያለውን ያሰበው የማን ልብ ነበረ? በዚያ ማታ ስልኩ ላይ ተደፍተን ትንፋሻችንን የያዝን ሰባት ልጆች ሥራ ፈትተን ነበር እንዴ? እጅ ሥራ ባገኘ ቁጥር ልብ ሥራ ያገኘ የሚመስለው ሰው ተሳትፎን ከመንቀጥቀጥ አልለየውም።

የእንግሊዙ ቤት ፍጻሜ ትምህርት ነው። ፍልሚያው ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ2022 ተዘጋ። በ2023 በአዲስ ስም፣ ዘ ከርስ አት አልተን ማነር ተብሎ ሲከፈት ሽጉጦቹ ተነቅለዋል። ኤምሊ የተባለች ልጅ ታሪክ ገባበት። ጋሪው እንደገና ተሳፋሪውን በጨለማ ውስጥ ይዞ የሚሄድ ጋሪ ሆነ። ሃያ ዓመት ፈጅቶ ወደ ተነሡበት መመለስ! አበው «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ያሉት ይህንን አይደለምን?

፬

ከሽጉጥ የባሰ አለ። እሱም ማብራሪያ ነው።

ሽጉጡ ሲመጣ ይታያል፤ ሰው ይጮኽበታል፤ በሃያ ዓመትም ይነቀላል። ማብራሪያ ግን ቀስ ብሎ፣ ተምሮ፣ ጨዋ መስሎ ነው የሚገባው። የካሊፎርኒያውን ቤት ጣሪያ ሥር እንደገና እንመልከት። ከመጀመሪያ ጀምሮ እዚያ አንዲት ሙሽራ ቆማ ነበር። ፊቷ በጨለማ ተውጧል። ልቧ ይበራል፤ ሲመታም ይሰማል። ማን ናት? ማን ገደላት? ማንን ትጠብቃለች? መልስ የለም። በ2006 መልስ መጣ። ሙሽራዋ ስም ተሰጣት፤ ኮንስታንስ ተባለች። አምስት ባሎች አግብታ የአምስቱንም ራስ በመጥረቢያ የቆረጠች ሴት ሆነች። በየግድግዳው የሠርግ ፎቶግራፎቿ ተሰቀሉ፤ የባሎቹ ራስ ከፎቶው ላይ ይጠፋል። እሷም በፕሮጀክተር በተሠራ ፊት እየቀለደች ትናገራለች።

ዘዴው የተራቀቀ ነው፤ አንክድም። ግን ምን ሆነ? ተሳፋሪው ጥያቄ ይዞ ይወጣ ነበር፤ አሁን መልስ ይዞ ወጣ። መልስ የያዘ ሰው ደግሞ ቤቱ ሲገባ ይተኛል። የሚበራው ልብ የማንም ልብ ሊሆን ይችል ነበር፤ የጠፋች እህት፣ የተካደች እጮኛ፣ ያልመጣ ባል የጠበቀች ሴት። መጥረቢያዋ ግን የአንዲት ወንጀለኛ ፋይል ነው። ባለቤቶቹም ራሳቸው ይህ ሳይከነክናቸው አልቀረም፤ በ2025 መጥረቢያዋን አስጥለው በካሊፎርኒያው ቤት ሌላ ሙሽራ አቁመዋል።

በፓሪስ ያለው የዚሁ ቤት ወንድም፣ ፋንተም ማነር የሚባለው፣ በ1992 ሲከፈት እንዲሁ አንዲት ሙሽራና እየሳቀ የሚከተላት አንድ ሟች ነበሩበት። ሟቹ ማን ነው? አባቷ ነው ያለ አለ፤ ራሱ ሞት ነው ያለ አለ። ከ2018 እስከ 2019 ተዘግቶ ሲታደስ ነገሩ ተለየለት፤ አባቷ ነው ተባለ። የስንት ዓመት ክርክር በአንድ እድሳት ተዘጋ። መዝገቡ ተዘጋ ማለት ግን ምስጢሩ ጠለቀ ማለት አይደለም።

ሦስተኛውን ምሳሌ ጨምረን እንለፍ። ያ የባርኔጣ ሣጥን የያዘው ሽማግሌ በካሊፎርኒያ በሚገባው ቦታ ተመልሶ አመስግነናል። በ2023 ለፍሎሪዳውም ቤት ተሠራ። የት አቆሙት? ከሟርተኛዋ ክፍል በፊት፣ ማለቂያ በሌለው ኮሪደር አጠገብ! ከላይ ያልነውን አስታውሱ። ሟርተኛዋ ሳትጠራቸው አንድም ሙሉ መንፈስ መታየት የለበትም። እሱ ግን ሳይጠራ መጥቶ በሙሉ ቁመናው ይስቃል። ቤቱን የሚወዱ ብዙዎች ይህንኑ ጮኸው ተናግረዋል። በዚያው ዓመት ይኸው ሽማግሌ ዋና ክፉ ሰው ሆኖ የቀረበበት ፊልም ለሽያጭ ወጥቶ ነበር። አንባቢ የራሱን ፍርድ ይስጥ። እኛ የምናየው ይህን ነው፤ አንድ ዓይነት መንፈስ፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ትንሣኤ፣ ሌላው ቤት ውስጥ ጥፋት። ስለዚህ ጥያቄው «አዲስ ወይስ አሮጌ?» አይደለም። ጥያቄው «ጥበቃውን ይጠብቃል ወይስ ይሰብረዋል?» ነው።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። ሽቦውን፣ ሞተሩን፣ በሩን፣ እሳት መከላከያውን አድሱ፤ ይህ ውለታ አይደለም፣ ግዴታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች አስበው ያቃታቸውን በአዲስ መሣሪያ ፈጽሙላቸው፤ ይህ ክብር ነው። ጨለማውን ግን አትብሱት። ጥያቄውን አትመልሱት። ሙታኑን ከሰዓታቸው በፊት አትጥሩ።

፭

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልሳለን። ምናችን ነው?

ግለ ሂስ እናድርግ። ባለፈው እትማችን አንድ አጭር ልብ ወለድ አውጥተን ነበር። የላከችልን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት አሮጊት ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ማታ ማታ በሩ ይንኳኳል። ትነሣለች፤ ትከፍታለች፤ ማንም የለም። ቡና አፍልታ ሁለት ስኒ ታቀርባለች። አንዱን ትጠጣለች። ጠዋት ስትነሣ ሁለተኛውም ስኒ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ያበቃል።

እኛ አዘጋጆቹ ተሰበሰብን። «አንባቢ ግራ ይገባዋል» አልን። «ማን ነው ያንኳኳው? መልእክቱ ምንድን ነው?» አልን። ስቴንስሉ ከመቆረጡ በፊት አንድ አንቀጽ ጨመርንበት። የሚያንኳኳው ከዓመታት በፊት ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰው ልጇ መንፈስ ነው፣ እሷም በናፍቆት አእምሮዋ ተነክቷል፣ ሁለተኛውንም ስኒ በእንቅልፍ ልቧ የምትጠጣው ራሷ ናት ብለን አስረዳን። በማባዣው ማሽን አባዝተን በየዶርሙ በተንን። ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

ልጅቷ እትሙን ይዛ መጣች። አልጮኸችም። «ማን ጠየቃችሁ?» ብቻ አለች። ከዚያ «አያቴ ናት» አለች። «ሁለት ስኒ የምታቀርበው አያቴ ናት። ለማን እንደሆነ ጠይቄያት ነግራኝ አታውቅም። እናንተ ከየት አወቃችሁ?»

መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለንም።

ይኸውላችሁ። ስለ ካሊፎርኒያው ሙሽራ ስንጽፍ፣ መጥረቢያ ስላስያዟት ሰዎች ስንቆጣ፣ የምንቆጣው በሩቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። እኛም በወረቀትና በቀለም፣ ያለ ፕሮጀክተርና ያለ ሌዘር፣ የሚበራ ልብ አግኝተን ፋይል ከፍተንበታል። ነገ ከመካከላችን መምህር የሚሆን አለ፤ የመድረክ አዘጋጅ የሚሆን አለ፤ የመጽሐፍ አርታኢ የሚሆን አለ። የቀደሙት ሰዎች ሥራ በእጃችን ይወድቃል፤ «ለዘመኑ እንዲስማማ አድሱት» እንባላለን። ያኔ ሦስት ፈተና ይጠብቀናል። አንደኛው አለመንካት ነው፤ አቧራ ማምለክ። ሁለተኛው ሽጉጥ ማስታጠቅ ነው፤ ተመልካቹን በእጁ አስይዘን ልቡን ማስፈታት። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ማብራራት ነው፤ አንባቢን እንደ ሕፃን ቆጥሮ በጨለማ ውስጥ ብቻውን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አለማመን።

ስለዚህ በዚህ እትም መጨረሻ ገጽ ላይ የልጅቷን ታሪክ እንደገና አትመነዋል። የጨመርነው አንቀጽ ወጥቷል። ሁለተኛው ስኒ ባዶ ነው፤ የጠጣውን አናውቅም። ከተቻላችሁ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ በሻማ አንብቡት።

መናፍስቱን ማን ገደላቸው? እኛም ገድለናል። ለአንዷ ይቅርታ ጠይቀናል፤ ሌላ ላለመግደል ደግሞ እነሆ በወረቀት ላይ ቃል ገብተናል። ቃላችንን ስናፈርስ ያገኘን አንባቢ «ማን ጠየቃችሁ?» ብሎ ይምጣብን።